የላሪ ዶቢን ታሪክ በአማርኛ ለማሳተም የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በአሜሪካ ለምትኖሩ ወላጆች፣ መምህራንና የአማርኛ አንባቢያን በሙሉ፤

ልጆቻችን በዘመናዊው የአሜሪካ ቤዝቦል ዋና ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ስለሆነው ስለ ጃኪ ሮቢንሰን ከትምህርት ቤት ተምረው ይመጣሉ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ስለገባው ስለ ላሪ ዶቢ ስንጠይቃቸው ግን ስሙን የሰሙት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ እኛ ጥቂት ወላጆችና ተርጓሚዎች የዶቢን የጨዋታ ዘመን የሚተርክ መጽሐፍ ለልጆች በአማርኛ ጽፈን ጨርሰናል። ማሳተሙ ግን ከአቅማችን በላይ ስለሆነ የእናንተን ድጋፍ እንጠይቃለን።

ዶቢ በ1923 እ.ኤ.አ. በሳውዝ ካሮላይና ተወልዶ በኒው ጀርሲ፣ ፓተርሰን ከተማ ያደገ ሰው ነው። ሮቢንሰን ወደ ዋናው ሊግ ከመግባቱ በፊት በካናዳዋ ሞንትሪያል፣ ከዋናው በታች ባለ ሊግ፣ አንድ የውድድር ዘመን ሲዘጋጅ፣ ዶቢ ግን ጥቁሮች ለብቻቸው ይጫወቱበት ከነበረው ሊግ፣ ከኒውርክ ኢግልስ ቡድን፣ በቀጥታ ተወስዶ ጁላይ 5 ቀን 1947 በቺካጎ ሜዳ ለክሊቭላንድ ቡድን ተሰለፈ፤ ከዋናው ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ የሆነው የአሜሪካን ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋችም ሆነ። ሮቢንሰን በሌላው ክፍል፣ በናሽናል ሊግ፣ ከጀመረ ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። በዚያ ቀን የዶቢን እጅ ለመጨበጥ ያልፈቀዱ የገዛ ቡድኑ ተጫዋቾች ነበሩ። ቡድኑ ለልምምድ ወደ አሪዞና በወረደ ጊዜም ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ሆቴል ማደር ተከልክሏል። ሁለተኛ በመሆኑ የቀለለለት ነገር አልነበረም።

በ1947 በ29 ጨዋታዎች ብቻ ተሰልፎ ውጤቱ ደካማ ነበር። በ1948 ግን፣ ቀድሞ ሁለተኛውን ቤዝ (ሯጮች ከሚረግጧቸው የሜዳው ማረፊያዎች አንዱን) ይጠብቅ የነበረው ሰው አዲስ ቦታ ተማረ፤ ከሜዳው ጥልቅ ክፍል መሀል ቆሞ ከፍ ብላ የተመታችን ኳስ ሮጦ መቅለብን፣ ከዚያም በረጅም ውርወራ መመለስን። ስለዚህ ቦታ ስያሜ ብዙ ተከራክረናል፤ «የውጭ ሜዳ ተጫዋች» ብንል አንባቢ ከውጭ አገር የመጣ ይመስለዋልና «የሩቅ ሜዳ ጠባቂ» በሚለው ተስማምተናል።

በዚያው ዓመት ክሊቭላንድ ከቦስተን ጋር ባደረገው የዓለም ሻምፒዮና የዋንጫ ፍልሚያ፣ በአራተኛው ጨዋታ፣ ዶቢ ከአጥሩ በላይ ያሻገራት ኳስ ቡድኑ 2 ለ 1 እንዲያሸንፍ አስችላለች። በዓለም ሻምፒዮና ጨዋታ እንዲህ ከአጥር በላይ የምትሻገር ምት፣ ማለትም ሆም ረን፣ የመታ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋችም እርሱ ነው። ከጨዋታው በኋላ እርሱና ነጩ ኳስ ወርዋሪ ስቲቭ ግሮሜክ ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀው፣ ተቃቅፈው ሲስቁ የተነሡት ፎቶግራፍ በየጋዜጣው ወጣ። ከዓመት በፊት እጅ ለተነፈገ ሰው ያ እቅፍ ምን ማለት እንደነበር ልጆቻችን ፎቶግራፉን ራሱን አይተው እንዲረዱት እንፈልጋለን።

ከዚያ በኋላ በተከታታይ ለሰባት ዓመታት ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጧል። በ1952ም በ1954ም 32 ሆም ረን በመምታት የአሜሪካን ሊግን መርቷል፤ በ1959 ሲያቆም በዋናው ሊግ የሆም ረን ድምሩ 253 ደርሶ ነበር። ታላላቅ ተጫዋቾች የሚዘከሩበት የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ግን የተቀበለው በ1998 ነው፤ መዘግየቱ እስከ ዛሬ ያሳዝነናል።

የምንሰበስበው ገንዘብ በመጀመሪያ የፎቶግራፉን የማተሚያ ፈቃድ ለመግዛት፣ ቀጥሎም ሜዳውን በሥዕል ለሚያስረዳ ሠዓሊና ለ500 ቅጂዎች ኅትመት ይውላል። አማርኛ እየሰሙ ፊደል ለማያነቡ ልጆችም ትረካውን በድምፅ ልንቀርጽ አስበናል፤ ድምፀ መልካም የሆናችሁ ሙያችሁን ብትለግሱ እንደ ገንዘብ እንቆጥረዋለን። አስተዋፅኦ የምታደርጉ ሁሉ ይህን ጥሪ ላደረሳችሁ አስተባባሪ ገንዘቡን ሰጥታችሁ ደረሰኝ እንድትቀበሉ እንለምናለን። የገቢና የወጪው ሒሳብ መጽሐፉ እንደታተመ ለሁላችሁም ይቀርባል፤ የሚተርፍ ገንዘብ ካለ ለአማርኛ ትምህርት ክፍሎች በነፃ የሚሰጡ ተጨማሪ ቅጂዎች ይታተሙበታል።