ዲቪዲ ሊገዙ ሲወጡ ያረጀውን ሲዲ ይዘው ይውጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክቡር አዘጋጅ፣

በድሬዳዋና በሐረር ብዙ ቤቶች የሠርጉ፣ የምርቃቱ፣ የሐጅ ሽኝቱ ምስል ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ በተቀመጠ ሲዲ ላይ ነው። መንዙማውም መዝሙሩም እንደዚያው። ማጫወቻው ሲበላሽ ሰው ወደ ድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ወይም ወደ ሐረሩ ሸዋ በር ይወጣና ሻጩን “የቱ ብራንድ ይሻላል?” ይላል። በጥገና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የምንመክረው ከብራንዱ በፊት ቤት ያለውን ሲዲ እንዲያዩ ነው። ዕቃው የሚገዛው እሱን ሊያጫውት ነውና።

ሱቅ ውስጥ ለሙከራ የሚገባው አዲስ፣ ጭረት የሌለው፣ በፋብሪካ የታተመ ዲቪዲ ነው። እሱን ደካማ ሌንስ እንኳ ያነበዋል። የሠርግ ሲዲ ግን በኮምፒውተር የተጻፈ ነው፤ ከታተመው ያነሰ ብርሃን ይመልሳል፤ ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ የተጻፈበት ቀለም ይደክማል፣ በተለይ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ከተቀመጠ። በዚያ ላይ አንዱ ማጫወቻ ሁለት ጨረር አለው፦ ለሲዲና ለቪሲዲ (ቪዲዮ ለተቀዳበት ሲዲ) 780 ናኖሜትር፣ ለዲቪዲ 650 ናኖሜትር። አንደኛው ሲሞት ሌላው ሊሠራ ስለሚችል ዲቪዲ ጥርት አድርጎ እያሳየ ቪሲዲ ሲገባ “ኖ ዲስክ” የሚል ዕቃ ብዙ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይያዙ፦ ከቤትዎ ያረጀውን ቪሲዲ፣ በኮምፒውተር የተጻፈ ዲቪዲ፣ አንድ ሙሉ ፊልም ያለበት ዲቪዲ። ፊልሙን ከመጀመሪያው አይመልከቱት። ዲቪዲ የሚነበበው ከመሐል ወደ ዳር ስለሆነ ወደ መጨረሻው ትዕይንት አሳልፈው አምስት ደቂቃ ያስኪዱት። የደከመ ሞተር ወይም ቅባቱ የደረቀ የሌንስ ሐዲድ ራሱን የሚያጋልጠው እዚያ ነው፤ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ከውስጥም ጭር ጭር የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁን ለመስማት የሱቁን ሙዚቃ ያስዘጉ። ቪሲዲው ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካላነበበ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ይተዉት።

ቀጥሎ ጀርባውን ያዙሩ። “100–240 ቮልት” የሚል ጽሑፍ ካለ ቤትዎ ይሠራል። “120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ” ብቻ ካለ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ተራ ዲቪዲ ማጫወቻ የሚወስደው ከ10 እስከ 15 ዋት አካባቢ ስለሆነ ዘመድ የላከው ዕቃ ካለዎት ቮልት የሚቀንስ የ50 ዋት ትራንስፎርመር ይበቃዋል።

ሁለተኛው የጀርባ ጽሑፍ በዓለም ሉል ምልክት ውስጥ ያለው ቁጥር ነው። ኢትዮጵያ የምትመደበው በ5 ነው፤ አሜሪካ 1፣ አውሮፓና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2። በ1 የተቆለፈ ማጫወቻ ከዱባይ የመጣውን ኦሪጅናል ዲቪዲ አይቀበልም። “ኦል” ወይም 0 የሚል ይፈልጉ። በሰፈር የተቀዳ የሠርግ ሲዲ ግን ይህ ቁልፍ የለበትም።

ብሉሬይ ስለሆነ የተሻለ ነው ብለው የሚገዙም አሉ። ብዙ የብሉሬይ ማጫወቻዎች ዲቪዲ እያነበቡ ቪሲዲ አይቀበሉም፤ በቪሲዲ ወደ ተሞላ ቤት ይዘውት ከገቡ በኋላ ይህን ማወቁ ያሳዝናል።

ስለ ገመድ ትንሽ ሰፋ እናድርገው፤ “ተበላሸ” ተብሎ ከሚመጣው ዕቃ ብዙው ችግሩ እዚህ ነውና። ቢጫው ምስል፣ ነጭና ቀዩ ድምፅ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ማጫወቻ ጀርባ ላይ ሁለት ቀይ ቀዳዳ አለ፤ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ጋር የተደረደረው ቀይ የምስል እንጂ የድምፅ አይደለም። አዳዲሶቹ ስስ ቲቪዎች ደግሞ ሦስቱን ቀዳዳ ትተው እንደ ጆሮ ማዳመጫ ያለች አንዲት ቀዳዳ አድርገዋል። ለእሷ የሚሸጠው ገመድ በመልክ አንድ ይምሰል እንጂ አሠራሩ ይለያያል፤ ምስል እምቢ ብሎ ጩኸት ብቻ ከመጣ ቢጫውን ከቀዩ ጋር ያቀያይሩ፤ ምስሉ ከታየ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ኤችዲኤምአይ ያለው ማጫወቻ ከዚህ ሁሉ ይገላግላል። ሆኖም ቪሲዲ ሲቀዳ 352 በ288 ነጥብ ብቻ ስለሆነ በምንም ገመድ ከዚያ በላይ አይጠራም።

ምስሉ በድንገት ጠፍቶ ድምፁ ከቀጠለ ሪሞቱ ላይ “ቪ-ሞድ” ወይም “ፒ-ስካን” የሚለው ተነክቷል። በሁለት ሰኮንድ ልዩነት እየደጋገሙ ሲጫኑት ይመለሳል። ቀለሙ ጠፍቶ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ “ቲቪ ታይፕ” ኤንቲኤስሲ ላይ ነው፤ ወደ ፓል ወይም አውቶ ይመልሱት።

ፍላሽ የሚቀበለው ማጫወቻም ሁሉንም ፋይል አይጫወትም። ፍላሹ በፋት 32 መፎርማት አለበት፤ በዚህ ፎርማት አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት አይደርስም። በስልክ የተቀረፀ ኤምፒ 4 ወይም የኤምኬቪ ፋይል አብዛኛው አሮጌ ማጫወቻ ላይ ድምፅ ብቻ ይሰጣል ወይም ጨርሶ አይከፈትም፤ አሮጌ ማጫወቻ ወደሚያውቀው የቪዲዮ ዓይነት፣ ወደ ኤክስቪድ ኤቪአይ፣ ማስቀየር ያስፈልጋል። ካርቶን ላይ ያለውን “5000 ዋት ፒኤምፒኦ” የሚል የድምፅ ኃይል ግን አይመኑት። ጀርባው ላይ 60 ዋት እወስዳለሁ የሚል ዕቃ ከዚያ በላይ ድምፅ ከየትም አያመጣም።

የድሬ ሙቀትና አቧራ የዚህ ዕቃ ጠላቶች ናቸው። ዲኮደር ላይ ወይም አምፕሊፋየር ላይ አይደርቡት። ለአቧራ መከላከያ የሚደረገው ዳንቴል እየተጫወተ ሳለ ከላዩ ይነሣ። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚጎዳው የኃይል ቦርዱን ነው። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች አልነሣ ካለ ብዙ ጊዜ 5 ቮልቱ አጠገብ ያለው ካፓሲተር አናቱ አብጧል። በባለ 10 ቮልቱ ካፓሲተር ፋንታ ባለ 1000 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት፣ 105 ዲግሪ የሚለው ቢገባ ይቆያል።

ሌንስ በሽቶና በምራቅ አይጠረግም። ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል አንድ ጠብታ በጥጥ ነክሮ ከመሐል ወደ ዳር ቀስ አድርጎ መጥረግና እስኪደርቅ መጠበቅ በቂ ነው። ማጫወቻው ተከፍቶ እየሠራ ግን ሌንሱን አፍጥጦ ማየት ዓይን ይጎዳል።

ለሙያ ባልደረቦቻችንም አንድ ቃል አለን። ሌንስ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አዙሮ የጨረሩን ኃይል መጨመር ዕቃውን ለጥቂት ሳምንት ያስነሣና ሌንሱን ይገድለዋል። ደንበኛው ግን የከፈለው ለጥገና ነው። አዲስ ኤችዲ 62 ወይም ኤችዲ 65 የተባለው ሌንስ ሲገባ ደግሞ በፋብሪካ የተደረገችው የመከላከያ ብየዳ ሪባኑ ከተሰካ በኋላ ትነሣ፤ እሷ ተረስታ “ሌንሱ ፎርጅድ ነው” ተብሎ የተጣለ ደህና ሌንስ ብዙ ነው። የወጣው አሮጌ ሌንስ ለባለቤቱ ይመለስ።

ሱቅ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ደንበኛ የራሱን ሲዲ ይዞ ሲመጣ አትከልክሉት፤ ቲቪውን ክፈቱለትና ይሞክር። ገዢዎችም የሠርግ ሲዲያችሁ የሚነበብበት ማጫወቻ ባገኛችሁ ሳምንት ወደ ኮምፒውተር አስገልብጡት። ቪሲዲ ከሆነ “ኤምፔግ ኤቪ” ከሚለው ፎልደር የዳት ፋይሎቹን፣ ዲቪዲ ከሆነ “ቪዲዮ ቲኤስ” የሚለውን ፎልደር ሙሉውን፤ አንዱን ቅጂ በሃርድ ዲስክ፣ ሌላውን ቅጂ በፍላሽ፣ ሁለቱንም በተለያየ ቤት አስቀምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያዎች
ከዚራ፣ ድሬዳዋ