ቫስካን ለምን አልነገርከኝም?

አባዬ፣

እንዴት ከረምክ? እኛ ደህና ነን። ትልቋ የፊት ጥርሷ ወልቆ ሳቋ ሁሉ ተለውጧል። ትንሹ ደግሞ ስልኬን እያመጣ «አያቴ ጋ ደውይልኝ» ይለኛል። ምን ብዬ እንደምመልስለት አላውቅም። ፎቷቸውን ወንድሜ ይዞልህ ይመጣል። እሱም ደህና ነው፣ ትንሽ ከስቷል።

አንድ ነገር ፍቀድልኝ። የመነኮስክ ጊዜ «ከእንግዲህ አባትሽ አባ ናቸው፣ እርስዎ በያቸው» ተብዬ ነበር። ሞክሬያለሁ። ስንት ዓመት «ይድረስ ለአባ» እያልኩ ጻፍኩልህ። ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ። ከስምህ ላይ የጠፋችው «ዬ» ብቻ ናት። የኔ የምታደርግህ ግን እሷ ነበረች። እና አንተ ብልህ አትቀየመኝ።

ቡላቶቪችን ታስታውሳለህ? እንዴት ትረሳዋለህ። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነበር፣ 1994 ዓ.ም.፣ ጾመ ነቢያት። መብራት ጠፍቶ ሻማ ዙሪያ ተቀምጠን ነበር። ኦዴሳ ስትማር ያነበብከውን ታሪክ ነገርከን። አሌክሳንድር ቡላቶቪች የመኳንንት ልጅ ነው፣ የሩሲያው ንጉሥ፣ የዛሩ፣ የክብር ዘበኛ ፈረሰኛ መኮንን። እ.ኤ.አ. በ1896 ከዓድዋ በኋላ ቁስለኛ ሊያክም ከመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ጋር አገራችን ገባ። ከጅቡቲ ሐረር በግመል በ3 ቀን ከ18 ሰዓት ደረሰ። ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ከከፋ እስከ ቱርካና ሐይቅ ዘለቀ። ወንድሜ በግመሉ ተደንቆ አፉን ከፍቶ ያዳምጥህ ነበር። አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አደረግህ። ይህ ሁሉ ያለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1903 ከሠራዊቱ ወጣ፣ አልክ። ሀብቱንም ማዕረጉንም ትቶ ዛሬ ግሪክ ውስጥ ያለው የመነኮሳት ተራራ፣ አቶስ፣ ገባ። መነኮሰ፣ ቀሰሰ፣ አባ አንቶኒ ተባለ። ዝም ብለህ ቆየህና «እኔም ልሄድ ነው» አልከን። አባዬ፣ እንደዚያ ነው የነገርከን። በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ አስገብተህ። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሻማውን ማን እንዳጠፋው እንኳ አላስታውስም።

ያን ሰው ለብዙ ዓመት ጠልቼው ኖርኩ። አቶስ የሚል ቃል ስሰማ ሆዴ ይላወስ ነበር። የደብረ ዘይቱን ቤት ነገር ዛሬ አላነሳውም፣ አያቴ ስለከፈለችውም አልጽፍም። ታውቀዋለህ።

ባለፈው ክረምት ግን እራሴ አነበብኩት። ሩሲያኛ ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ፣ እሱን አልክድህም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መዝገበ ቃላት ይዤ ቀስ እያልኩ ገፋሁት። እና ቫስካን አገኘሁት።

ቫስካን ለምን አልነገርከንም? በዚያው በቱርካናው ዘመቻ የተገኘ ሕፃን ነው። በጦርነቱ አካሉ ተጎድቶ ሜዳ ላይ ወድቆ ነበር። ቡላቶቪች አነሳው፣ አስታመመው፣ ክርስትና አስነሳው፣ እስከ ፒተርስበርግ ወሰደው። በኋላም ልጁ ወደ አገሩ ተመለሰ። ይህን ሳነብ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነበር፣ ልጆቹ ተኝተዋል። ሰውየውን የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሚተወው ሰው ነበረው ማለት ነው።

ደግሞ ስማኝ። እ.ኤ.አ. በ1911፣ መነኩሴ ሆኖ፣ ከአቶስ ተነስቶ ባሕር ተሻግሮ መጣ። ለምን መሰለህ? ቫስካን ሊያቆርበው። መነኩሴ ነኝ፣ ዓለምን ትቻለሁ አላለም። አንተ ከገዳሙ እስከ ሰርጌ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነበር። ለአንተ ያስቀመጥነው ወንበር ላይ አጎቴ ካፖርቱን አኖረበት። ሰው እንዳያይብኝ ብሎ መሆኑ ገብቶኛል። ለዚህ ነው ያን ቀን ፎቶ ላይ የማልስቀው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ላንተ ግን ዛሬ መጻፌ ነው።

መጨረሻውንም አልነገርከንም። «የእግዚአብሔር ስም ራሱ እግዚአብሔር ነው» ለሚለው እምነት ተሟግቶ አቶስ ታወከ። እ.ኤ.አ. በ1913 የዛሩ ወታደሮች ተልከው 800 የሚሆኑ መነኮሳትን በመርከብ ጭነው ወስደው አራገፉ። የት መሰለህ? ኦዴሳ። አንተ ያን ወደብ ስንት ጊዜ ተመላልሰህበታል። እሱ ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበርና ከሩሲያ ሆኖ ተሟገተላቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከወታደሮች ጋር ካህን ሆኖ ዘመተ። እ.ኤ.አ. በ1919 ታኅሣሥ በቤተሰቡ ርስት ላይ ተገደለ። ቤቱ ተመልሶ ነበር፣ አባዬ። መነኩሴ ቤቱ ይገባል።

እግርህን ሰምቻለሁ። አንተ አልነገርከኝም፣ ወንድሜ ባለፈው ካልሲህን አውልቆ አይቶታል። ጥቁር ነገር አለው አለኝ። ስኳር ያለበት ሰው ቁስል በጠበልና በማር ብቻ አይተውም። ጠበሉን ተው አላልኩም፣ ሐኪሙንም ጨምር ነው የምልህ። ይቆርጡኛል ብለህ ፈርተህ ከሆነ፣ የሚያስቆርጠው መዘግየቱ ነው። እኔም ፈርቻለሁ። የምፈራው ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ተደውሎ «አባ አረፉ» እንዳልባል ነው የምፈራው። አባ ሳይሆን አባዬ ነህ እኮ የምታርፈው።

ኢንሱሊኑን ወንድሜ ይዞልህ ይመጣል። በረዶ አይንካው። እርጥብ አሸዋ ያለበት ሸክላ ውስጥ ይቀመጥ፣ ፀሐይ እንዳያየው።

ቅዳሜ ማለዳ መኪናው ገዳሙ በር ላይ ይቆማል። የአበምኔቱን ፈቃድ ወንድሜ ጠይቋል፣ ሂዱ ብለዋል። ለሁለት ሳምንት ነው። ካልመጣህ እኔ እመጣለሁ፣ ሴት እስከሚፈቀድላት ድረስ ሄጄ እዚያ ቁጭ እላለሁ።

የሚያጠብቅህን ጫማ አታድርግ። ሰንደል ልኬልሃለሁ፣ 42 ቁጥር ነው። ካበጠ ማሰሪያውን አላላው።

ልጅህ