መሐል ሜዳ ላለችው መምህርት ጓደኛዬ

እህት ዓለሜ፣ እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? የመንዝ ብርድስ? ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ስለ ብርድ መጠየቄ ያስቅሻል መቼም። ጠፋሁብሽ፤ ወቀሳውን ስንገናኝ ትጨርሺዋለሽ።

ለፋሲካ የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ስከፍት ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። መሀል ላይ ድምፅሽ ይሰነጠቅና መጨረሻው ትንፋሽ ብቻ ይሆናል። በየመሀሉ ደግሞ «እህህ» እያልሽ ጉሮሮሽን ትጠርጊያለሽ። ከጥምቀት ጀምሮ ብርድ መትቶኝ ነው አልሽ። ከጥምቀት እስከ ፋሲካ የሚቆይ ምን ዓይነት ብርድ ነው?

ጤና ጣቢያ ስለምውል ትንሽ ልንገርሽ። ጉንፋን የዘጋው ድምፅ ብዙውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይከፈታል። ያንቺ ግን ከክፍሉ የመጣ ይመስለኛል። ስንናገር ማንቁርታችን ውስጥ ሁለት ስስ እጥፋቶች ይርገበገባሉ፤ የሴት በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል። ቀኑን ሙሉ በተማሪ ጫጫታ ላይ ስትጮሂ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ያብጣሉ። ሲቆይ እርፍ የጨበጠ እጅ እንደሚደድረው እነሱም ይደድሩና ትንንሽ እባጭ ያወጣሉ። ያኔ በደንብ አይገጥሙም፤ ትንፋሹ ያመልጣል። መምህራን ላይ በብዛት ይታያል። ብዙውን ጊዜም ያለ ቀዶ ጥገና፣ በአነጋገር ልምምድ ይሻላል።

ዝንጅብል በማሩን ጠጪ፣ ደስ ይላል። ግን የምንውጠው በሌላ መንገድ ነው የሚወርደው፣ እዚያ አይደርስም። ውሃ ጠጪ። «እህህ» ሲያምርሽ ተጎንጪለት። ማንሾካሾክ እረፍት እንዳይመስልሽ፣ አንዳንዱን ያብስበታል። ሰሌዳ ላይ እየጻፍሽ አታስተምሪ፤ ጨርሰሽ ዙሪና ተናገሪ። ዝም ለማሰኘት አጨብጭቢ። ከኩበቱ ጭስም ራቂ፤ እንጀራውን ለጊዜው ሌላ ሰው ይጋግር። የሌሊት ቃር ካለብሽም ንገሪኝ፣ እሱም ድምፅ ያሻክራል።

ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝተሽ እንዳትውጪ ብቻ! ከ3 ወይም ከ4 ሳምንት ያለፈ የድምፅ መሻከር በዓይን መታየት አለበት። መዋጥ ካስቸገረሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደም ካየሽ ወይም አንገትሽ ላይ እብጠት ከዳሰስሽ አንድ ቀን አትደሪ። ከአንገት በላይ ሐኪም በአፍንጫ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ያየዋል። ይቆረቁራል እንጂ ያን ያህል አያምም።

ትምህርት እስኪዘጋ አትጠብቂ። አስፈቅደሽ በጠዋቱ መኪና ውጪ፤ አዳርሽ እኔ ጋ ነው። ሐኪሙ ጋ አብሬሽ እገባለሁ። ወሬውን ለኔ ተይው፣ አንቺ ጉሮሮሽን ብቻ ታሳያለሽ።

ናፋቂሽ