ለግቢያችን ወፎች እህል ከመበተናችን በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከማዕድ የተረፈ እንጀራና ዳቦ ጠዋት ጠዋት ለወፎች መበተን በከተማችን በብዙ ቤቶች የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ ከርኅራኄ የመነጨ ነውና እንዲቀር አልሻም። ሆኖም የሚበተነው ነገር ለየትኛው ወፍ እንደሚስማማ ሳይታወቅ የሚሰጥ ምግብ ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊያመዝን ስለሚችል፣ ወፎቹን አስቀድሞ ለይቶ ስለማወቅና ስለ አመጋገባቸው ጥቂት ለማለት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ወፍን ለመለየት ከቀለሙ ይልቅ ምንቃሩን ማስተዋል ይቀድማል። ቀለም በብርሃን፣ በዕድሜና በጾታ ይለዋወጣል፤ ምንቃር ግን ወፉ በምን እንደሚኖር ይናገራል። ምንቃሯ አጭርና ወፍራም የሆነው ድንቢጥ ጥሬ ለቃሚ ናት። በአዲስ አበባ ግቢዎች የምናያት ድንቢጥ ራሷና ደረቷ ግራጫ፣ ጀርባዋና ክንፏ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ሲሆን፣ ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለያዩም፤ በአውሮፓ ከተሞች ከሚኖረው፣ ወንዱ ጉሮሮው ላይ ጥቁር ምልክት ካለበት ድንቢጥ የምትለየውም በዚህ ነው። አብሯት የሚለቅመውና ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር ያለው ትንሽ ቡናማ ወፍ የድንቢጥ ጫጩት ሊመስል ይችላል፤ እርሱ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ወፍ ነው። ዋኔ በአንገቷ ግራና ቀኝ ባለው ጥቁር ምልክት ትታወቃለች፤ ምግቧንም መሬት ለመሬት እየሄደች ትለቅማለች። በአብያተ ክርስቲያናትና በረጃጅም ሕንፃዎች ላይ የምትሰፍረው፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት ጥቁር ግራጫ ርግብ ደግሞ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም በየትም አትገኝም። ይህን ያህል ብርቅ የሆነች ወፍ በየጣሪያችን ላይ እያለች የምናውቃት ጥቂቶች መሆናችን ያሳዝነኛል።

ምንቃሩ ረጅም፣ ቀጭንና ወደ ታች የጎበጠ ወፍ ካያችሁ ግን እህልም ዳቦም አያሻውም፤ ምግቡ የአበባ ወለላና ጥቃቅን ነፍሳት ነውና። ከነዚህ መካከል ከሩቅ ጥቁር የሚመስለው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሐምራዊና የመዳብ ቀለም የሚያንጸባርቀው፣ ከጭራው መሐል ሁለት ላባዎች ረዝመው የሚታዩት የደጋ ወፍ በሳይንሳዊ ስሙ የተከዜን ወንዝ ስም ይዟል። ስሙም የተሰጠው በ1814 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ካደረገው ጉዞ በኋላ ነው። ይህን ወፍ የሚወድ ሰው ስኳር በውኃ በጥብጦ ከሚሰቅል ይልቅ ራስ ክምር፣ እሬት ወይም ቆርች ቢተክል ይሻላል፤ የስኳር ውኃ በሙቀት ቶሎ ይቦካል፣ ተክሉ ግን ወለላውን በየወቅቱ ራሱ ያቀርባል፣ ለጫጩቶቹ የሚሆኑ ነፍሳትንም ይስባል። ምንቃሩ ብርቱካናማ የሆነውና በወደቀ ቅጠል መካከል ትል የሚፈልገው ወፍም የሚፈልገው ነገር ቢኖር ቅጠሉ ሁሉ ተጠርጎ እንዳይወሰድበት ብቻ ነው። በግቢያችን ያለውን አፈር ሁሉ በሲሚንቶ መሸፈናችን እንዲህ ያሉትን ወፎች ክፉኛ ይጎዳል።

ለጥሬ ለቃሚዎቹ የሚሰጠው እንግዲህ ጥሬ ነው፤ ማሽላ፣ የተከካ ስንዴ፣ ገብስ፣ ከሁሉም በላይ ኑግ። ኑግ ዘይት ስለሚበዛው ለትንንሽ ወፎች ኃይል የሚሰጥ ምግብ ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ የወፍ ወዳጆች ከኢትዮጵያና ከሕንድ የሚላክ ኑግ ገዝተው በየጓሯቸው ይሰቅላሉ፤ ወደ አሜሪካ የሚገባው ኑግም አብሮት ያለው የአረም ዘር እንዳይበቅል አስቀድሞ በሙቀት ይታከማል። ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን በዚያ አገር መደብሮች የወፍ ምግብ ተብሎ የሚሸጠው ያ ጥቁር ቀጭን ፍሬ የእናቶቻቸው ኑግ መሆኑን ልብ ይበሉ። እዚህ ከየገበያው የምናገኘውን ትተን ለወፍ የወጥ ፍርፋሪ የምንሰጥበት ምክንያት አይታየኝም። ወጥ የነካው እንጀራ ጨውና በርበሬ አለበት፤ የትንሽ ወፍ ኩላሊት ደግሞ ብዙ ጨው አይችልም። የሻገተ እንጀራና ዳቦ ከሁሉ ይብሳል፤ ሻጋታው የወፎችን ሳንባ ያጠቃል። ደረቅ ዳቦም ቢሆን ሆድ ይሞላል እንጂ እምብዛም አይመግብም።

ንጽሕናም ከምግቡ የማይተናነስ ጉዳይ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ በጥሬ ለቃሚ ወፎች ላይ የታየው የጉሮሮ በሽታ በጓሮ መመገቢያዎች አካባቢ ተዛምቶ፣ ቀድሞ በየጓሮው ይታይ የነበረ አንድ አረንጓዴ ወፍ ቁጥሩ እጅግ እንዲያሽቆለቁል አድርጓል። ርግቦችና ዋኔዎች የዚህ በሽታ ተሸካሚዎች ስለሆኑ፣ በአንድ ቦታ ብዙ እህል ከምሮ ወፎችን ማጨናነቅ አይገባም። እስከ ቀትር የሚያልቅ ያህል ብቻ መስጠት፣ የተረፈውን ማንሣት፣ ቦታውንም በየጊዜው መቀያየር ይበቃል፤ ያደረ እህል አይጥ ይጠራል፣ ለአይጥ የሚቀመጠው መርዝም ለወፎቹ ይተርፋል። ድመት ባለበት ቤት ደግሞ እህሉ ከቁጥቋጦ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ገላጣ ቦታ ላይ ቢሰጥ ወፎቹ አድፍጣ የምትመጣውን ድመት ቀድመው ያያሉ፤ ጭልፊት ሲመጣም ወደ ቁጥቋጦው ለመግባት አይርቃቸውም።

እህል ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ውኃ ቢያስቀምጥ ከእህል ያላነሰ ውለታ ይውላል። በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው በጋ፣ ጥልቀቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ጎድጓዳ ሳህን፣ በውስጡም ለማረፊያ የሚሆን ድንጋይ አድርጎ፣ በየቀኑ እያጠቡ ውኃውን መለወጥ ነው። ጥሬ የማይቀምሱት ወፎች ሁሉ ወደ ውኃው ይመጣሉ፤ ለይቶ ለመተዋወቅም ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

በመጨረሻም ለጋዜጣው አንድ ጥያቄ አለኝ። በየሳምንቱ በአንዲት ጠባብ ዓምድ የአንድ የግቢ ወፍ ፎቶግራፍ፣ የሚታይበት ወራትና የሚበላው ነገር ቢወጣ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ባለሙያዎችም ጽሑፉን ቢያርሙ፣ በየቤቱ ተቆርጦ ለልጆች የሚቀመጥ ነገር ይሆናል። ዓምዱ በመስከረም ቢጀመር፣ ከአውሮፓ ክረምት ሸሽተው የሚመጡትንና ጭራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ በእርጥብ ሣር ላይ የሚመላለሱትን ቢጫ ወፎች ገና ሲገቡ ለማስተዋወቅ ይደርሳል።

አክባሪ አንባቢያችሁ፤ አዲስ አበባ