መዥገሩን ጨርሰሽ አታጥፊው

ለልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ከብቶቹን በየሳምንቱ እረጫለሁ፣ አንድም መዥገር አላስተርፍም» ያልሽውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ማጥፋቱን ትተሽ መቀነሱ ላይ ብትበረቺ ይሻላል።

ከብቱ ላይ የምታዪው ጥቂቱን ነው። አብዛኛው ሣር ውስጥ ነው ያለው። ደም ጠግባ የወደቀች አንዲት መዥገር በሺህ የሚቆጠር እንቁላል መሬት ላይ ጥላ ትሞታለች። የሚፈለፈሉት ጥቃቅኖች ሣሩ ጫፍ ላይ ወጥተው ከብት እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። እነዚህን ርጭትሽ አያገኛቸውም።

መድኃኒቱም ጉልበቱ ያልቃል። ገና በፈረንጆቹ 1930ዎቹ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያኔ የመዥገር መድኃኒት የነበረውን አርሰኒክ የተባለ መርዝ የተቋቋመ መዥገር ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ የመጡት መድኃኒቶችም አንድ በአንድ ተለምደዋል። በእያንዳንዱ ርጭት ደካማው ይሞታል፣ የቻለው ይተርፋል፤ የሚራባውም እሱው ነው። ውኃ አብዝቶ ማቅጠንማ የባሰ ነው። ቁጠባ ይመስላል እንጂ መዥገሩን ማለማመጃ ነው። ስትረጪ መጠኑን ጠብቂ፤ ጆሮ፣ ጡት ዙሪያና ጭራ ሥር በደንብ ይድረስ።

ደግሞ ሁሉንም ከብት እኩል አይወርም። መንጋሽን ረጋ ብለሽ ብታዪ አብዛኛውን መዥገር የሚሸከሙት ጥቂት ከብቶች ናቸው። እነሱን ለይተሽ ርጪ። ሁሌም ተወርሮ የሚገኘውን ለዘር አታስቀሪው። ሻኛ ያላቸው የዜቡ ዝርያዎች ከአውሮፓ ዝርያዎች ይልቅ መዥገርን ይቋቋማሉ። ወተት ብቻ እያየሽ ስታዳቅዪ ይህን አስቢበት።

አሁን ጥጆቹ ጋ ልምጣ፤ ዋናው ነገሬ ይሄ ነው። መዥገር የሚያስተላልፋቸው እንደ ባቤሲያና አናፕላዝማ ያሉ በሽታዎች ጥጃ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይላሉ። በጥጃነቱ ጥቂት መዥገር የነካው ከብት መከላከያ ይዞ ያድጋል። መዥገር ሳያውቅ ያደገው ግን አንድ ቀን ርጭቱ ቢቋረጥ፣ ወይም ሌላ ግጦሽ ቢሄድ፣ ድንገት ታሞ ይሞታል። አንድም አይታየኝ የምትዪው መንጋ ለአደጋ የተጋለጠው ነው ማለት ነው። ይህ ለሁሉም በሽታ አይሠራም፤ ጥጃንም የሚጨርስ አለ። አካባቢሽ ያለው የትኛው እንደሆነ የእንስሳት ሐኪም ጠይቂና ወስኚ።

ግጦሹን ከፋፍለሽ አሳርፊው። ተፈልፍሎ ከብት ላይ ከወጣ ጀምሮ እስከ ጉልምስና እዚያው አንድ ከብት ላይ የሚኖረው የመዥገር ዓይነት፣ ከብት ካጡ ጥቃቅኖቹ በወራት ውስጥ በረሃብ ያልቃሉ። ሌሎቹ ግን ረጅም ጊዜ መጠበቅ ስለሚችሉ በዚህ ብቻ አትተማመኚ። ዶሮዎችም መዥገር ይለቅማሉ፤ የርጭት ቀን ግን ዝጊባቸው። በእጅሽ የምትነቅዪውን በጣትሽ አትጨፍልቂ። ለሰው የሚተርፍ በሽታ አለበት። ከርጭት በኋላ ወተቱ ስንት ቀን እንደማይጠጣ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ቀኗን አክብሪ።

«መድኃኒት ቀይሬም አልሞት አለ» ያልሽው ነገር ከንክኖኛል። የንግድ ስሙ ተለውጦ ውስጡ ያው ሊሆን ይችላል። የሁለቱንም ጠርሙስ የንጥረ ነገር ስም ገልብጠሽ ላኪልኝ፤ እስከዚያ ሦስተኛ አትግዢ።

አባትሽ