ከኦልድ ትራፎርድ የመጣው ሦስት ነጥብ

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

እሁድ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. አርሰናል ኦልድ ትራፎርድ ላይ ማንቸስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸንፎ የ2025/26 የውድድር ዘመኑን ጀምሯል። ከዚያ ወዲህ የምሰማው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «ኮርና ነው ያወጣቸው እንጂ ተበልጠው ነበር» ይላል። የእኛው ሰው ደግሞ «ዋንጫ የሚበላው እንዲህ ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አርሰናልን የምደግፍ ሰው ነኝ። ጨዋታውን ሁለቴ አይቼዋለሁ። ከሁለቱም ጋር ስላልተስማማሁ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ግቧ። 13ኛው ደቂቃ ላይ የእኛው ዴክላን ራይስ ኮርናውን ወደ ግቡ አፍ አጥፎ ላከው። ተከላካያችን ሳሊባ በረኛው አጠገብ ቆሟል። የዩናይትዱ በረኛ አልታይ ባይንዲር ኳሷን በቡጢ ሊያርቃት ዘሎ አልሆነለትም። የእኛው ካላፊዮሪ ግቡ ሥር ሆኖ በግንባሩ አስገባት። ዩናይትዶች በረኛችን ተገፍቷል ብለው ጮኹ፣ ዳኛው ግን ግቧን አጸደቀ። ይህን ዕድል ነው የሚል ሰው የአርሰናልን ያለፉትን ሁለት ዓመታት አላየም። ኒኮላ ዦቬር በ2021 የቆሙ ኳሶች (የኮርናና የቅጣት ምት) አሠልጣኝ ሆኖ ከመጣ ጀምሮ ኮርና ለእኛ ዋና የግብ ምንጭ ሆኗል። ማን በረኛው አጠገብ እንደሚቆም፣ ማን ከኋላ እንደሚሮጥ፣ ኳሷ የት እንደምታርፍ ተለምዶ የሚመጣ ነው። በልምምድ ሜዳ ላይ የተለፋበት ግብ ከሌላው ግብ አያንስም። በዚህ ላይ የሚያሾፉብንን አልቀበልም።

ግን ከዚያ በኋላ ስላየሁት 77 ደቂቃም ዝም ማለት አልችልም።

ዩናይትድ 22 ጊዜ ወደ ግብ ሞክሯል፤ እኛ 9 ጊዜ። በረኛችን ዴቪድ ራያ 7 ኳስ አድኗል። የዩናይትዱ ዶርጉ ከሳጥኑ ውጭ የመታት ኳስ ቋሚውን ገጭታ ተመልሳለች። ምቤሞ በግንባሩ የሞከራትን ራያ እንዴት እንዳወጣት አሁንም ይገርመኛል። ኩኛ ኳስ ይዞ በተነሳ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር። ይህ ባለፈው ዓመት በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ የጨረሰ ቡድን ነው። አጥቂዎቹን ቀይሮ መጥቷል፣ ልዩነቱም ታይቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከ22ቱ ሙከራ አንዷም ግብ አልሆነችም። ተከላካያችን ጋብሬል ባለፈው መጋቢት መጨረሻ አካባቢ ተጎድቶ የውድድር ዘመኑን ሳይጨርስ ነበር የቀረው። አሁን ከሳሊባ ጎን ተመልሷል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ የሚሰማኝ እፎይታ ሌላ ነው። ሳጥን ውስጥ የምትገባዋን ኳስ ማን ቀድሞ እንደሚነካት ሳላይ አውቀዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። ባለፈው የካቲት መጨረሻ እዚያው ሜዳ ላይ 1 ለ 1 ተለያይተናል። ያን ቀን ኳሱን ይዘን የዋልነው እኛ ነበርን። ብሩኖ ፈርናንዴዝ በቅጣት ምት አገባብን፣ ራይስ አቻ አደረገን፣ አንድ ነጥብ ይዘን ተመለስን። ዘንድሮ ኳሱን የያዙት እነሱ ሆኑ፣ ሦስቱን ነጥብ የወሰድነው እኛ ሆንን። ባለፈው ዓመት 14 ጊዜ አቻ ወጥተን በ74 ነጥብ ሁለተኛ ሆነናል። ሊቨርፑል በ84 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ። 10 ነጥብ የራቀን በእነዚያ አቻዎች ነው። ስለዚህ እሁድ የተገኘው ነጥብ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ፊሽካው ሲነፋ ዘልያለሁ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ አዲሱ አጥቂያችን ቪክቶር ዮኬሬሽ። ይህ ሰው ባለፈው ዓመት ለፖርቱጋሉ ስፖርቲንግ በ52 ጨዋታ 54 ግብ ያስቆጠረ ነው። ለዓመታት አጥቂ አጥቂ ስንል ከርመን ያገኘነው ሰው ነው። እሁድ አንድ ሰዓት ገደማ ተጫውቶ በሃቨርትዝ ተቀየረ። ወደ ግብ አንዴም አልሞከረም። በማግስቱ «አይሆንም፣ ለዚህ ሊግ አይመጥንም» የሚለው ጀመረ። ይሄ ግፍ ነው። ሰውየው ገና ከቡድኑ ጋር አልተላመደም። ከሁሉም በላይ ግን ኳስ አልሰጡትም!

ጨዋታውን ደግሜ ሳይ ዓይኔን ከኳሷ አንስቼ እሱ ላይ አደረግሁ። ዮኬሬሽ ከተከላካዮች ጀርባ የሚሮጥ አጥቂ ነው። በተለይ ወደ ግራ ወጣ ብሎ ባዶ ቦታ ውስጥ መግባት ይወዳል። እሁድም ሮጧል። ሲሮጥ ግን ኳስ የያዘው ሰው አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ጎን ያቀብላል። እሱ ሲቆም ደግሞ ኳሷ እግሩ ሥር ትመጣለች፣ ጀርባውም ላይ ተከላካይ ተለጥፏል። ሃቨርትዝ ፊት ሲሰለፍ የለመድነው አጨዋወት ይህ ነው። ሃቨርትዝ ኳስ ተቀብሎ ያቆያል፣ ለሌላው ያመቻቻል። ዮኬሬሽን ገዝተን እንደ ሃቨርትዝ ካጫወትነው ለምን ገዛነው?

ስለዚህ ጥያቄዬ ለአማካዮቹ ነው። ኦዴጋርድ ብዙ ጊዜ ኳስ ለመቀበል ወደ ኋላ ሲወርድ ነበር። ከእሱና ከአጥቂው መካከል ያለው ሜዳ ባዶ ሆኖ ነው የዋለው። ዙቢሜንዲ የመጀመሪያ ጨዋታው ነውና ጊዜ ልስጠው። ቶማስ ፓርቴ የሄደበትን ቦታ መሙላት ቀላል አይደለም። ሳካና ማርቲኔሊም ኳስ ሲደርሳቸው ከፊታቸው ሁለት ሰው ቆሞ ነው የሚያገኙት፤ ኳሷ ዘግይታ ነው የምትደርሳቸው። ዩናይትድ ግብ ፍለጋ ወደ ፊት ሲወጣ ከኋላው ስንት ጊዜ ሜዳው ተከፈተ! ያንን ለመጠቀም አንዲት ፈጣን ኳስ ትበቃ ነበር። አሠልጣኛችን አርቴታ ይህን እኔ ሳልነግረው እንደሚያየው አውቃለሁ። ሆኖም ባለፈው ዓመትም ከቆመ ኳስ ውጭ ግብ ሲቸግረን ቶሎ መልስ አላገኘንም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ይህን የምለው ጨለምተኛ ሆኜ አይደለም። በ2021 በመክፈቻው ጨዋታ በብሬንትፎርድ 2 ለ 0 የተሸነፍንበትን ምሽት አልረሳሁም። ቀጥሎ ቼልሲ፣ ቀጥሎ ማንቸስተር ሲቲ አሸነፉን፤ አንድ ግብ እንኳ ሳናገባ የሊጉ መጨረሻ ላይ ተቀመጥን። ያኔ ከነበርንበት የዛሬው ጭንቀት የተሻለ ነው። ግን እስከ 2025/26 መጀመሪያ ድረስ የመጨረሻው የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫችን በሊጉ አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈው የ2003/04ቱ ቡድን ያመጣው ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት እንደሄደ ደጋፊው ሁሉ ያውቀዋል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ሆነናል። ተከላካያችን ዋንጫ ለመብላት ደርሷል። ፊት ያለው ክፍል ደግሞ ከእሱ እኩል መድረስ አለበት።

በገጻችሁም የምለምነው ይህንን ነው። በየሳምንቱ ዮኬሬሽ አገባ፣ አላገባም እየተባለ ብቻ አይቆጠርበት። ስንት ኳስ ከተከላካይ ጀርባ እንደተላከለትም ጻፉልን።

ቅዳሜ ሊድስ ወደ ሜዳችን ኤምሬትስ ይመጣል። ከዚያ የሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ፎረስትና ሲቲ። ቅዳሜ ኦዴጋርድ ኳስ ተቀብሎ ዞር ሲል መጀመሪያ የት እንደሚያይ ነው የምጠብቀው። ዮኬሬሽ ያኔም ሲሮጥ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአርሰናል ደጋፊ አንባቢያችሁ