እስከ 13 መቁጠር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በቅርቡ ስለ አውሮፓ የቅዳሴ ሙዚቃ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ እነዚህን ድርሰቶች ለመረዳት የሙዚቃ ትምህርት የግድ እንደሚያስፈልግ የተገለጸው ሐሳብ ስላላሳመነኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። በጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ በዮሐን ሴባስቲያን ባኽ የቢ ማይነር ቅዳሴ ውስጥ «ክሩሲፊክሱስ» (በላቲን «ተሰቀለ») የተባለውን ክፍል ለማዳመጥ እስከ 13 መቁጠር የሚችል ጆሮ ይበቃል።

መዘምራኑ ከመግባታቸው በፊት፣ ከኢ ኖታ ተነሥቶ በግማሽ ድምፅ እየወረደ ቢ ላይ የሚደርስ፣ አራት ባር (የምት ክፍል) የሚፈጅ ሐረግ በቤዝ፣ ማለትም ዝቅተኛ ድምፅ ባላቸው መሣሪያዎች ይሰማል፤ ሐረጉ በጠቅላላው 13 ጊዜ ይመላለሳል፤ የሚቆጠረውም እርሱ ነው። ሐረጉ ሲደገም ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖርና ባስ የተባሉት፣ ከከፍተኛው እስከ ዝቅተኛው ያሉ አራት የመዘምራን ድምፆች «ተሰቀለ» የሚለውን ቃል አንዱ ከሌላው እየተቀበሉ ያሰማሉ፤ ከበላያቸው ፍሉቶችና ቫዮሊኖች በአጫጭር ድምፆች ይመላለሳሉ። አድማጭ ወደ ላይ ተስቦ ቤዙን የሚረሳው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ቁጥሩ ደጋግሞ ጠፍቶብኛል። ቤዙን አጥብቆ የያዘ ሰው ግን፣ ከላይ ያሉት ድምፆች በየዙሩ የሚጋጩትና የሚታረቁት በዚያው በማይለወጥ መሠረት ላይ መሆኑን ይሰማል።

በ13ኛው ዙር ፍሉቶቹና ቫዮሊኖቹ ዝም ይላሉ፤ መዘምራኑ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተቀበረ» ሲሉ፣ እስካሁን ወደ ኢ ማይነር (ሐዘን ወደሚሰማበት ቅኝት) ሲመለስ የቆየው ቤዝ አቅጣጫውን ቀይሮ ጂ ሜጀር (ብሩህ ቅኝት) ላይ ያርፋል። በእኛ ጸሎተ ሃይማኖት «ሐመ ወሞተ ወተቀብረ» የሚለው፣ በላቲኑ «ታመመ፣ ተቀበረም» ብቻ ነው፤ «ሞተ» የሚል ቃል የለበትም። ለእኔ ያንን ያልተነገረ ቃል የሚናገረው የመሣሪያዎቹ ዝምታ ነው።

ባኽ ይህን ሙዚቃ በመጀመሪያ ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1714 በጀርመን ከተማ በቫይማር ለቀረበ ካንታታ (በመዘምራንና በመሣሪያ የሚቀርብ መንፈሳዊ ድርሰት) ነበር። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1750 ከማረፉ ጥቂት ቀደም ብሎ ቅዳሴውን ሲያጠናቅቅ በዚህ ክፍል ላይ የመሣሪያ መክፈቻ ጨመረበት፣ ፍጻሜውንም ለወጠው። ስለዚህ ወደ ጂ ሜጀር የሚወስደው መታጠፊያ የወጣቱ ሳይሆን የሽማግሌው ባኽ ሥራ ነው።

ቀጥሎ «ተነሣ» የሚለው ክፍል በዲ ሜጀር፣ በትራምፔትና በቲምፓኒ (በትልልቅ ከበሮዎች) ድንገት ስለሚገባ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዳምጥ አንባቢ ማጫወቻውን ከ13ኛው ዙር በኋላ ለጥቂት ጊዜ ቢያቆመው መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ